ብቻሽን የማትሸከሚውን ብቻ አዋጪ

ልጄ፣ አንቺና ጓደኞችሽ ዲላ ላይ ማኅበር ልታቋቁሙ መነሳታችሁን ስትነግሪኝ ደስ ብሎኛል። አንዷ ፎቶ ታነሳለች፣ አንዱ ቪዲዮ ያቀናብራል፣ ሌላው ለቡና ማሸጊያና ለማስታወቂያ ንድፍ ይሠራል፣ ሌላዋ በጌዴኦ ቋንቋ፣ በጌዴኡፋ የሚዘፈነውን ትቀርጻለች። ተምራችሁ ደመወዝ የሚከፍል መሥሪያ ቤት ስላጣችሁ በየግላችሁ ሥራ እያሳደዳችሁ ትኖራላችሁ። እኔ ስለ ካሜራም ስለ ኮምፒውተርም ላስተምርሽ አልችልም። ዕድሜዬን የጨረስኩት በዚሁ በጌዴኦ ዞን የቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ሒሳብ በመያዝ ነው። የጠየቅሽኝ ስለ ማኅበር ነውና የማውቀውን እነግርሻለሁ። ቁጥር የሰጠሁት ከጓደኞችሽ ጋር ተቀምጣችሁ አንድ በአንድ እንድትከራከሩበት ብዬ ነው።

1. የምታዋጡትንና የማታዋጡትን ከሁሉ በፊት ለዩ።

የጌዴኦ ቡና ገበሬ ማሳውን ለማኅበሩ አላስረከበም። እንሰቱ፣ ቡናው፣ ከላይ የሚያጠሉት ዋንዛና ብርብራ የራሱ ናቸው። መቼ እንደሚለቅም፣ የትኛውን ግንድ እንደሚጎነድል የሚወስነው እሱ ነው። ያዋጣው ብቻውን የማይችለውን ነው፦ ማጠቢያ ጣቢያ፣ ሚዛን፣ መኪና፣ ባንክ ፊት የሚቆም ፊርማ፣ ባሕር ማዶ የሚደርስ የሽያጭ ውል። ታጥቦ የሚሸጥ እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ ጥራቱ ይበላሻል። አመሻሽ ላይ እሸት ተሸክሞ መንገድ ዳር የቆመ ገበሬ ገዢው የጠራለትን ዋጋ ከመቀበል ሌላ ምርጫ አልነበረውም። ማኅበሩ ከጫንቃው ያወረደለት ይህን ነው።

በደርግ ዘመን የተደረገው የዚህ ተቃራኒ ነበር። በአዋጅ ቁጥር 138/1970 የተቋቋሙት የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት መልባ፣ ወልባ፣ ወላንድ እየተባሉ በደረጃ ተከፈሉ። ደረጃው ከፍ ባለ ቁጥር ገበሬው የሚያስረክበው እየበዛ ሄደ፤ መጀመሪያ መሬቱን፣ ቀጥሎ በሬውንና ማረሻውን። በየካቲት 1982 ዓ.ም. መንግሥት የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ አውጆ ገበሬው እንዲለቅ ሲፈቀድለት፣ አብዛኞቹ በጥቂት ወራት ውስጥ ፈረሱ። በእኛ ዕድሜ ያለ ሰው ማኅበር ሲባል ለረጅም ጊዜ ፊቱን ያጠቆረው በዚህ ምክንያት ነው። ወላጆቻችሁም ቢያመነቱ አትፍረዱባቸው።

ስለዚህ ሙያችሁን አታዋጡት። ማን እንዴት ፎቶ እንደሚያነሳ፣ የማን ቀለም እንደሚያምር በስብሰባ አይወሰን። ደረሰኙን፣ ውሉን፣ የክፍያ ጥበቃውን፣ ውዱን ዕቃና ስሙን አዋጡ። ከዚህ በታች የምነግርሽ በአብዛኛው የእነዚህ ዝርዝር ነው።

2. ደረሰኝ የሌለው ባለሙያ የሌላ ሰው ቅጥረኛ ሆኖ ይቀራል።

ደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሲመሠረት ዲላ ከክልሉ መቀመጫ ከተሞች አንዷ ሆናለች። ዩኒቨርሲቲው አለ፣ የዞኑ መምሪያዎች አሉ፣ ባንኮች፣ ሆቴሎችና የቡና ላኪዎች አሉ። ሁሉም ባነር፣ ዓመታዊ መጽሔት፣ የበዓል ቪዲዮ ይፈልጋሉ። ለግዢ ግን ሦስት ፕሮፎርማ ያሰባስባሉ፤ ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና ደረሰኝ ይጠይቃሉ። እናንተ እነዚህ ስለሌሏችሁ ፈቃድ ያለው ሰው ሥራውን በስሙ ይወስድና ለእናንተ ከፍሎ ያሠራችኋል። ከላይ ምን ያህል እንደቀረለት አታውቁም፤ ሥራውም በእሱ ስም ይቆጠራል።

የተመዘገበ ኅብረት ሥራ ማኅበር በሕግ ሰውነት አለው። በራሱ ስም ይዋዋላል፣ ይወዳደራል፣ ሒሳብ ይከፍታል። የሚተዳደረው በአዋጅ ቁጥር 985/2009 ነው። ከሌሎች የንግድ ማኅበራት የሚለየው ዋናው ነገር አንድ አባል ብዙ ዕጣ ቢገዛም ድምፁ አንድ መሆኑ ነው። የኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ስለ ዝቅተኛው የአባላት ቁጥርና ስለሚቀርበው ሰነድ ጠይቁ፤ መልሱን በጽሑፍ ያዙ። የኅብረት ሥራ ማኅበር ልታቋቁሙ እንደመጣችሁ ከመጀመሪያው በግልጽ ተናገሩ። በጥቃቅንና አነስተኛ መደራጀት የራሱ መንገድ ያለው ሌላ ጉዳይ ነውና ሁለቱ እንዳይምታቱባችሁ።

3. ክፍያ የሚጠብቀው ማኅበሩ ይሁን።

ከሁሉ በላይ እንድታስቢበት የምፈልገው ይህን ነው። ወጣት ባለሙያ ሥራ ያጣል ይባላል፤ እኔ እንደማየው ግን ብዙዎቻችሁን የሚጥላችሁ በሥራውና በክፍያው መካከል ያለው ጊዜ ነው። መሥሪያ ቤት የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ከመዘጋቱ በፊት ሥራ ያጣድፋል፤ ክፍያው ያልተጠናቀቀለት ወደ አዲሱ ዓመት ይንከባለላል። በከተማችን ገንዘብ የሚንቀሳቀሰው ቡና በሚለቀምበት ወራት፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። ያኔ ሠርጉም ይበዛል፣ ነጋዴውም ማስታወቂያ ያሠራል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሥራው ይቀዘቅዛል፤ የቤት ኪራይ ግን ወቅት አያውቅም። ገንዘብ የቸገረው ልጅ ደግሞ የአሥር ሺህ ብር ሥራ በአራት ሺህ ይሠራል፤ ያ ዋጋ ለሁላችሁም ዋጋ ሆኖ ይቀራል።

ቤልጅየም ውስጥ ስማርት የሚባል የአርቲስቶችና በግል የሚሠሩ ባለሙያዎች ድርጅት አለ። እ.ኤ.አ. በ1998 ተመሥርቶ በ2016 ወደ ኅብረት ሥራ ማኅበርነት ለመለወጥ የወሰነ ነው። ባለሙያው ሥራውን በስማርት በኩል ይዋዋላል፤ ድርጅቱ ከእያንዳንዱ ሥራ ጥቂት ይቆርጣል። ደንበኛው ቢዘገይም ባለሙያው በተቆረጠለት ቀን ከዋስትና ፈንድ ይከፈለዋል። በዚያው በ2016 አንድ ትልቅ የምግብ አመላላሽ ኩባንያ ሲከስር፣ በስማርት በኩል ይሠሩ የነበሩት ብስክሌተኞች ያልተከፈላቸውን ያገኙት ከዚሁ ፈንድ ነው። ክፍያውን ተከታትሎ የማስከፈሉን ጣጣ ድርጅቱ ወሰደው፤ ሠራተኛው ወደ ሥራው ሄደ።

እናንተም ይህን ማድረግ ትችላላችሁ፤ ግን ስሌቱን አትሽሹት። ለምሳሌ ከእያንዳንዱ ሥራ 10 በመቶ ብትቆርጡና ግማሹ ለቢሮ፣ ግማሹ ለፈንድ ቢሆን፣ ከ40 ሺህ ብር ሥራ ለፈንዱ የሚገባው 2 ሺህ ብር ነው። እንዲህ ያለ 20 ሥራ ስትጨርሱ ፈንዱ 40 ሺህ ይሆናል፤ ማለትም ገና የአንድ ሥራ ክፍያ ይሸከማል። ደንበኛው ግማሹን በቅድሚያ እንዲከፍል ካደረጋችሁ ደግሞ ያው ፈንድ ሁለት ሥራ ይችላል። ስለዚህ ቅድሚያ ክፍያን የማኅበሩ ደንብ አድርጉት። ዘመድም ቢሆን፣ ባለሥልጣንም ቢሆን ያለ ቅድሚያ ሥራ አይጀመር። በደንቡ የተጻፈ ሲሆን እምቢ ያለው ማኅበሩ ስለሚሆን፣ አንቺ ከዘመድሽ ጋር አትቀያየሚም። ፈንዱ ቢያንስ የአንድ ወር ሥራ እስኪሸከም ድረስ የትርፍ ክፍፍል አታንሱ። በጥር የገባውን ለሐምሌ አስቀምጡ።

4. ከማኅበሩ ውጭ የሠራ አባል አታሳድዱ።

እኛ የጎን ሽያጭ እንለው ነበር። በለቀማ ወቅት የግል ነጋዴ በኪሎ ጥቂት ጨምሮ በእጁ ጥሬ ገንዘብ ይዞ ሲመጣ፣ አባሉ እሸቱን ለእሱ ይሰጣል። በቅጣት የሚያስፈራሩ ማኅበራት ነበሩ፤ አባሎቻቸው በሌሊት ይሸጡ ነበር። ገበሬውን ያስመለሰው በሚዛን አለመሰረቁ፣ እዚያው መከፈሉና ዓመቱ ሲዘጋ የሚደርሰው ሁለተኛ ክፍያ ነው። አባል ለልጁ የትምህርት ቤት ክፍያ ሲጨነቅ የመተዳደሪያ ደንብ አንቀጽ አይታየውም።

ጓደኛሽ የአክስቱን ልጅ ሠርግ በግሉ ቢቀርጽ ይቅረጽ። በማኅበሩ በኩል ሲሠራ ቶሎ የሚከፈለው፣ ውል የሚያዝለት፣ ዕቃ የሚያገኝ ከሆነ ራሱ ይመጣል። ካልመጣ ችግሩ ማኅበሩ ውስጥ አለና እዚያ ፈልጉት። አንድ ነገር ብቻ ከልክሉ፦ በማኅበሩ በኩል የመጣን ደንበኛ ከጀርባ በረከሰ ዋጋ መውሰድ።

5. ስማችሁን በሕግ ያዙት።

በዞናችን የሚበቅለውን የይርጋጨፌ ቡና ነገር ሰምተሻል፤ ምናልባት በትክክል የነገረሽ የለም። ቡናችን በዓለም ገበያ በስሙ እየተጠራ በከፍተኛ ዋጋ ሲሸጥ የስሙ ባለቤት አልነበረም። በ1997 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጎ ለማስመዝገብ አመለከተ። ሥራውን የመራው በአቶ ጌታቸው መንግሥቴ ይመራ የነበረው የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ነው። የአሜሪካ ቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ፤ ትልቁ የቡና ኩባንያ ስታርባክስም መጀመሪያ አልተስማማም። ኦክስፋም የተባለው የእርዳታ ድርጅት ዘመቻ ከፈተ፤ ነገሩ የዓለም ጋዜጦች መነጋገሪያ ሆነ። በሰኔ 1999 ዓ.ም. ስታርባክስ የኢትዮጵያን ባለቤትነት ተቀብሎ የፈቃድ ስምምነት ፈረመ።

ልብ በይ፣ ስምምነቱ ስሙን ለሚጠቀም ሁሉ ክፍያ የሚያስከፍል አልነበረም። የተፈለገው ስሙ እንዲታወቅና ባለቤቱ ዋጋ ሲደራደር ወንበር እንዲኖረው ነው። ያኔ ይርጋጨፌ ውስጥ የቆመ ድርጅት ባይኖር ኖሮ ግን ወንበሩ ባዶ ይሆን ነበር። የይርጋጨፌ ቡና አብቃይ ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን በ1994 ዓ.ም. ተቋቁሞ ከ20 በላይ መሠረታዊ ማኅበራትንና ከ40 ሺህ በላይ ገበሬዎችን አሰባስቦ ነበርና፣ ስሙን ወደ ገበያ ይዞ የሚወጣ አካል ተገኘ። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላም ዩኒየኖች ቡናቸውን በቀጥታ ለውጭ ገዢ መሸጥ ችለዋል፤ ገዢው የቡናውን መንደር በስሙ ያውቀዋል።

እናንተም አንድ ስም ምረጡ፣ ዓርማ ሥሩ፣ በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን በኩል አስመዝግቡት። ከማኅበሩ የሚወጣ ሥራ ሁሉ የማኅበሩን ስምና የሠሪውን ስም ይያዝ። የማንም ስም ከማኅበሩ ጀርባ አይደበቅ።

6. ያለ ጽሑፍ ውል የሠራሽው ምስል ያንቺ ላይሆን ይችላል።

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 በቅጥር ወይም በትእዛዝ ለተሠራ ሥራ፣ በውል ሌላ ነገር ካልተባለ በቀር፣ የመጀመሪያ ባለቤት አድርጎ የሚቆጥረው አሠሪውን ወይም ያዘዘውን ነው። ይህን ብዙ ልጆች አያውቁም። ዝም ብለሽ የሰጠሽው ፎቶ ለሌላ ዓመት መጽሔት፣ ለሌላ ከተማ ባነር ሲውል የምትጠይቂበት መንገድ ይጠብብሻል።

እ.ኤ.አ. በ1947 ሮበርት ካፓ፣ አንሪ ካርቲዬ ብሬሶን፣ ጆርጅ ሮጀርና ዴቪድ ሲሙር የተባሉ ፎቶግራፈሮች ማግነም የተባለውን የኅብረት ሥራ ድርጅት ያቋቋሙት ይህንኑ ሽሽት ነው። በዚያ ዘመን የፎቶው ባለቤት የሚሆነው ያዘዘው መጽሔት ነበር። እነሱ ፎቶው የእኛ ነው፣ መጽሔቱ የሚገዛው የመጠቀም ፈቃድ ብቻ ነው አሉ። አንድ ሰው ብቻውን እንዲህ ቢል ሥራ ያጣ ነበር፤ ስመ ጥር የሆኑት አብረው ሲሉት መጽሔቶቹ ተቀበሉ። ድርጅቱ ዛሬም በአባላቱ ባለቤትነት ይኖራል።

እናንተ ሁለት ገጽ የማይሞላ አንድ የውል ቅጽ አዘጋጁ፤ ለሁሉም ደንበኛ እሱው ይሁን። ሥራው ለምን ዓላማ፣ ለስንት ጊዜ፣ የት እንደሚውል፣ ከዚያ ውጭ ቢፈለግ እንደገና እንደሚከፈል ይጻፍበት። ሕግ የተማረ ሰው አንዴ ከፍላችሁ አስመርምሩት።

7. አዲስ አበባ ሊሠራው የማይችለውን ሥራ ያዙ።

በመስከረም 2016 ዓ.ም. የጌዴኦ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የጥምር እርሻው ጥበብ፣ የቱቱ ፈላና የጨልባ ቱቱቲ ትክል ድንጋዮች፣ ሶንጎው፣ የባሌ ባህላዊ አስተዳደር ሥርዓቱ አብረው ነው የተመዘገቡት። ከዚህ በኋላ መጽሐፍ የሚያሳትም፣ ፊልም የሚሠራ፣ ጎብኚ የሚያመጣ ይበዛል። የእንሰት አዘገጃጀትን በየደረጃው፣ የእሸት ቡና አጠባን ከማለዳ እስከ ማታ፣ የዳራሮን በዓል ከየወረዳው በሥርዓት ያስቀመጠ የምስል ክምችት ያለው ማኅበር ካለ ሁሉም ወደ እሱ ይመጣሉ። ክምችቱን ሥራ በሚቀንስበት ክረምት ሥሩት። ቀን፣ ቦታ፣ የሰው ስምና ፈቃድ አብሮ ይመዝገብ፤ ይህ የሌለው ፎቶ ከአሥር ዓመት በኋላ ዋጋ የለውም።

የጌዴኡፋ ሥራም የእናንተ ነው። የልጆች ተረት በድምፅ፣ የጤና ትምህርት ቪዲዮ፣ የፊልም ትርጉም ጽሑፍ፤ እነዚህን ቋንቋውን ከእናቱ ጡት ጋር ያልጠባ ሰው በደንብ ሊሠራቸው አይችልም።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምናገረው አለ። ሶንጎ የሸንጎ ቦታ ነው፤ ክብር አለው። ሽማግሌዎች ሳይፈቅዱ ካሜራ ይዛችሁ አትግቡ፣ ድሮንም አታንሱ። ፈቃድ ስትጠይቁ ከቀረጻችሁት ላይ ቅጂ እንደምትመልሱ ተናገሩ፤ መልሱም። ትክል ድንጋይ ላይ የሚወጣ፣ ለፎቶ ብሎ ሣሩን የሚነቅል አባል ካለ በዚያው ቀን ከሥራ ይታገድ። አባቶች ለዚህ ትውልድ ያቆዩትን በአንድ ቪዲዮ ማራከስ ለማኅበሩም ለእናንተም አይበጅም።

8. ዕቃ በመዝገብ ይውጣ፣ በመዝገብ ይግባ።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ካሜራና ኮምፒውተር ከውጭ ነውና የሚመጣው፣ ለብቻ መግዛት ከብዙዎቻችሁ አቅም ወጥቷል። በጋራ ግዙ። ጠባቂው አንድ ሰው ይሁን፤ ማን፣ መቼ፣ በምን ሁኔታ እንደወሰደ ይፈረም። ከእያንዳንዱ ኪራይ ለጥገና የሚቆረጥ ይኑር። መብራት ሲጠፋ ሥራ እንዳይቆም የሚያስችል ባትሪ ከሁለተኛ ካሜራ ይቀድማል።

9. ብር የሚቀበል፣ መዝገብ የሚጽፍና ቼክ የሚፈርም አንድ ሰው አይሁን።

ያየኋቸው ማኅበራት ብዙዎቹ የፈረሱት በሌባ አይደለም። ጎበዝና ቅን የሆነ አንድ ሰው ሁሉን ነገር ይዞ፣ ሌላው ደስ ብሎት ትቶለት፣ በኋላ እሱም ሒሳቡ ጠፍቶበት፣ ሰዎቹም መጠርጠር ጀምረው ነው። አንቺ መሥራቿ ነሽና ይህ ሰው እንዳትሆኚ እፈራልሻለሁ። ገንዘብ ያዥ ሌላ፣ ሒሳብ ሠራተኛ ሌላ፣ ፈራሚ ሁለት። የቁጥጥር ኮሚቴው አባላት በሥራ አመራሩ ውስጥ የቅርብ ጓደኛ የሌላቸው ይሁኑ። ወር በገባ በአምስተኛው ቀን የገባውና የወጣው በቴሌግራም ቡድናችሁ ይለጠፍ፤ የባንክ መግለጫው ፎቶ ጭምር። በቴሌብር የገባም ቢሆን ወደ ማኅበሩ ሒሳብ እንጂ ወደ ማንም የግል ስልክ አይግባ። የኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤቱ በየዓመቱ ኦዲት እንዲያደርግላችሁ ወትውቱ፤ ዘገየ ብላችሁ አትተዉት።

የስብሰባ ሰዓትንም ጨምሬ ልንገርሽ። ማታ የምትሰበሰቡ ከሆነ ሴቶቹ አይመጡም፤ ውሳኔው የወንዶቹ ይሆናል። አንድ ሰው አንድ ድምፅ የሚለው ሕግ የሚሠራው ሰውየዋ ስትገኝ ነው።

10. የእርዳታ ገንዘብ ለሥልጠናና ለዕቃ እንጂ ለደመወዝ አትቀበሉ።

ፕሮጀክት ሲያልቅ በፕሮጀክቱ የሚከፈለው ሥራ አስኪያጅ አብሮ ይሄዳል። የምትቀጥሩት ሰው ከሥራው ተቆርጦ የሚከፈለው ይሁን፤ መጀመሪያ ላይ የግማሽ ቀን ሠራተኛ ይበቃችኋል።

11. መውጫውን ከመግቢያው እኩል ጻፉት።

ከመካከላችሁ ጎበዙ ሐዋሳ ወይም አዲስ አበባ ይሄዳል። ሌላዋ ታገባለች፣ ሌላው ቋሚ ሥራ ያገኛል። ይህ ክህደት ስላይደለ አትቀየሙ። ያየኋቸው የመተዳደሪያ ደንቦች አባል እንዴት እንደሚገባ ሦስት ገጽ ይጽፉና እንዴት እንደሚወጣ አንድ መስመር ይተዉለታል፤ ጸቡ ሁሉ የሚመጣው ከዚያች መስመር ነው። የወጣ አባል ዕጣው በስንት ወር ይመለስለታል? በፈንዱ ውስጥ የተቆረጠበት ይመለሳል ወይስ ለማኅበሩ ይቀራል? በክምችቱ ውስጥ ያሉት ፎቶዎቹ ቢሸጡ ድርሻው ይላክለታል? የጀመረውን ሥራ ማን ይጨርሳል? ርቆ የሄደስ ለማኅበሩ ከአዲስ አበባ ሥራ ቢያመጣ ምን ይታሰብለታል? እነዚህን አምስት ጥያቄዎች ገና ስትዋደዱ መልሱ። ረቂቁን ወደ ጽሕፈት ቤቱ ከመውሰዳችሁ በፊት አምጪልኝ፤ ይህን ክፍል ቁጥር በቁጥር አብሬሽ አየዋለሁ።